የስምንቱ ድንጋዮች ነገር

ካፒቴን ወንድሜ፣

ሰርቪሱ በር ላይ ክላክስ እያደረገብኝ ስለሆነ በአጭሩ ልንገርህ።

ጠረጴዛው ላይ ያሉት ስምንት የባትሪ ድንጋዮች ለመጫወቻ አውሮፕላንህ ሪሞት የገዛኋቸው ናቸው፤ ቻርጅ ይደረጋሉ። አንተ ሱቅ ብትሄድ ትልቁ የአቅም ቁጥር የተጻፈበትን ታነሳ ነበር። ሻጩ ግን፣ «እሱ ዝም ብሎ ተቀምጦም ያልቃል። ወንድምሽ የሚያበረው በሳምንት አንዴ ከሆነ፣ ቁጥሩ ያነሰው ቻርጁን ይዞ ይቆይለታል» አለኝ። ትልቅ ቁጥርና ትልቅ ወሬ ቶሎ ያልቃሉ ማለት ነው። ማንን እንዳስታወሰኝ አልነግርህም።

ሁሉንም በጥፍር ቀለሜ ምልክት አድርጌባቸዋለሁ። ስምንቱ አብረው ይገባሉ፣ አብረው ይወጣሉ። አንድ አሮጌ ከተቀላቀለባቸው ሰባቱንም ይዞ ይሞታል።

ይህን እንዴት አወቅሽ አትበለኝ።

እሺ፣ በል።

ያን ቅዳሜ አውሮፕላንህን ጎረቤት ጣራ ላይ የጣለው ነፋስ አይደለም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ነፋሱን ስትረግም ዝም ያልኩት፣ ነፋስ መልስ ስለማይሰጥ ነው። የወጥ ቤቱ ሰዓት ወደ ኋላ እየቀረ ከሥራ ቢያስረፍደኝ፣ ከሪሞትህ አንዱን ድንጋይ ወሰድኩ። ቦታው ባዶ እንዳይሆን ደግሞ የሰዓቱን አሮጌ ድንጋይ ከተትኩልህ።

እንደ ድንጋይ የወደቀው በድንጋይ ነው።

ክንፉን አጣብቄልሃለሁ፤ እስኪደርቅ አትንካው።

ሰዓቱን ግን ክንፉ ከደረቀም በኋላ እንዳትነካው።

ሰዓት አክባሪዋ እህትህ