በፋጡማ ስም ለተቀበረችው ጥሩነሽ

የኔ ጥሩነሽ፣

ከተለየሽኝ ዘጠኝ ሳምንት ሆነ። እንደምን አለሽ ብዬ ጀምሬ ሰረዝኩት።

እኔ ያው ሐርጌሳ፣ ሼክ ኑር ሰፈር፣ ያችው ክፍላችን ውስጥ ነኝ። ከጦርነቱ ወዲህ ጣሪያ ያልነበረው የጎረቤት ቤት ቆርቆሮ ሊለብስ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሚስማር ሲመቱ ይውላሉ። አንቺ ብትኖሪ ከአናጢዎቹ ጋር ስንቴ በተጣላሽ! ሩዝ በሙዝ መብላት እስካሁን አልለመድኩም። አንቺማ በሳምንትሽ ለምደሽ በእኔ ትስቂ ነበር። የሰው ቤት ሥራ ለማግኘት አንቺ ፋጡማ፣ እኔ ኻዲጃ ከተባልን ወዲህ የእነሱንም የእኛንም ጾም ጾመን እንዴት እንደከሳን ታስታውሻለሽ?

ትኩሳቱ ጠዋት ገደለሽ፤ ቀትር ሳይሆን ተቀበርሽ። ክፋት አልነበረባቸውም። የጎረቤት ሴቶች እንደ እህታቸው አጥበው ከፈኑሽ። ልጮህ ስል አንዷ አቅፋ አፌን በመዳፏ ያዘችኝ፤ እነሱ ዘንድ ሙት በጩኸት አይሸኝም። ሴት ወደ ቀብር አትሄድም ተብዬ እኔ ቀረሁ፤ ወንዶቹ ተሸክመውሽ ሄዱ። መቃብርሽ የቱ እንደሆነ እንኳ አላውቅም።

ክርስቲያን ናት ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ያንቺ ከታወቀ የእኔም ይታወቃል፣ ከሥራዬ እባረራለሁ ብዬ ፈራሁ። ይባስ ብሎ፣ በልብስሽ ውስጥ የደበቅሽውን ማተብ አጣቢዎቹ ሳይገቡ በመቀስ ቆርጬ ጡቴ ሥር ሸሸግኩት። እኔ ነኝ የበጠስኩት፣ ጥሩዬ። ይቅር በይኝ።

እናትሽ እማማ አስካለ ለአርባሽ ሲዘጋጁ ደውለው ነበር። ልጄ ተፈታች ወይ ብለው ጠየቁኝ። ቄስ ተገኝቶ ጸሎተ ፍትሐት ደርሶላት ተፈታች አልኳቸው። እያለቀሱ መረቁኝ፤ ወልደሽ ሳሚ፣ አገርሽ ግቢ አሉኝ።

እንዴት ልግባ? አገር ብገባ መጀመሪያ የሚያስጠሩኝ እሳቸው ናቸው፤ በየትኛው ዓይኔ አያቸዋለሁ? እዚህ ብቀር ኻዲጃ ነኝ፤ ብሞትም እንዳንቺው ነው የምሸኘው። መሄጃም መቀመጫም አጣሁ።

አልረሳሽም ብዬ ቃል ልገባልሽ ነበር የተቀመጥኩት። ልርሳሽ ብልስ መች ይሆንልኛል? በዚህ ሁሉ ከተማ ጥሩነሽ የምትባል ሰው እንደነበረች የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ያንቺው ብርቄ