ቢራቢሮዎቹ ያረፉበት መሬት

ለምወድህ ወንድሜ ለአረሮ፣

አካም ጅርታ? ናጋ ነህ ወይ? ጤናህ፣ ሥራህ፣ የናይሮቢው ብርድስ እንዴት ይዞሃል? ሰንበቴ ከወለደች ወዲህ ወገቧ ጠናላት? ትንሹ ሊባንስ ጥርስ አወጣ? እኛ አለን፤ ይህም መኖር ከተባለ።

በስልክ ያልነገርኩህ አባባ ሁልጊዜ አጠገቤ ስለሚቀመጡ ነው። አንተ ሥራ ለቅቄ ቤተሰቤን ይዤ እመጣለሁ፣ ልጄ የዳለቲን ወተት ይጠጣል ስትል እሳቸው በዓይናቸው ዝም በይ ይሉኛል። ዳለቲ ሞታለች፣ አረሮ። አንተ ስትወለድ ከተሰጠችህ ጊደር ዘር የቀረችው ላም እሷ ብቻ ነበረች።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ኩሬው ከደረቀ በኋላ ከበረታችን ጀርባ እነዚያ ጥፍር የሚያካክሉ ሰማያዊ ቢራቢሮዎች አንድ ቦታ ሰፍረው መሬቱን ሲመጥጡ አየሁ። እማማ በሕይወት ሳለች፣ እነሱ ካረፉበት ሥር ውሃ አይጠፋም ትል አልነበር? ለአባባ ነገርኳቸው። በማግስቱ ከብቶቻችን ከጋራው ጥልቅ ጉድጓድ፣ ከኤላው፣ የሚጠጡበት ተራ ነበር። አባባ ግን ከብቶቹ ያን ሁሉ መንገድ አይችሉም ብለው ተራውን ትተው ከባሌ ከደቻሳ ጋር መቆፈር ጀመሩ። እኩያቸው ዲባ ከብቱን ወደ ኤላው እየነዳ ሲያልፍ «ጎሊቻ፣ በስተርጅና ቢራቢሮ ማገድ ጀመርክ?» ብሎ ሳቀባቸው።

ሁለት ቀን ቆፈሩ። ውስጡ እንደ ጡብ የደረቀ ነው። ደቻሳ መጀመሪያ ከወጣው አፈር አንድ እፍኝ አንስቶ አሸተተና ለእኔ አቀበለኝ። ቢራቢሮዎቹ ሲመጥጡ የነበረው የከብት ሽንት ነው። ዳለቲ ስትደክም ቀን ቀን የምናስተኛት እዚያ ነበር፤ ውሃ ውሃ ስንል ማን አሰበው!

ተራ ያሳለፈ ሦስት ቀን ይጠብቃል። ቀኑ ሲደርስ ዳለቲ መነሳት አልቻለችም። ጎትተን እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ከተትናት። ሌሎቹ አራቱም በዚያው ሳምንት አለቁ።

አባባ እንዳልጽፍልህ ለምነውኛል። «ከብት የለም ካልሽው አይመጣም፤ ሳላየው እሞታለሁ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ጉልበታቸው አልቋል። ግን ሕፃን ይዘህ መጥተህ ምን ታጠጣዋለህ? እኛ እንኳ የእርዳታ ዱቄት ተሰልፈን ነው የምናድረው። ሥራህን አጥብቀህ ያዝ። አትምጣ፣ ወንድሜ።

ደቻሳን ናፍቀኸዋል። ልጄ ከሚላ አጎቴን ሳሚልኝ ብላለች። ሰንበቴን አይዞሽ በላት፤ ሊባንን ሁለቱንም ጉንጩን ሳምልኝ። የአባባን ሰላምታ አልጻፍኩልህም፤ መጻፌን አያውቁም።

እህትህ ዲንኪቱ ጎሊቻ
ነገሌ ቦረና፣ የካቲት 3 ቀን 2015 ዓ.ም.