የጭስ ማውጫው ካንዴላ

ኅዳር 4፣ ሰኞ ጠዋት
ዛሬም ስትነሳ አነጠሰች። ጥቁር ጭስ። ፒካፔን ነው የምልህ፣ ደብተሬ። ጭሱ ሄዶ ጎረቤታችን ወ/ሮ ዘነበች ያሰጡት ነጠላ ላይ አረፈ። ይቅርታ ጠየቅሁ። ነጠላውን አራግፈው ይዘው ገቡ።

የሚያስጨንቁኝ፦
– ልጄ ታደለች። በቆጂ ነው ያገባችው። የመጀመሪያ ልጇ ስለሆነ እናቷ ቤት ነው መውለድ ያለባት። ወሯ ገብቷል።
– አውቶቡስ። በዚያ ሆድ፣ በዚያ መንገድ? አይሆንም።
– ቤንዚን። የቀረኝ የወሩ ኩፖን ለደርሶ መልስ ይበቃል፣ መኪናዋ በልክ ከጠጣች። አሁን እንደ ግመል ነው የምትጠጣው።
– ሚስቴ አስካለ። ሽጣት ትላለች።

ኅዳር 6፣ ረቡዕ ከሰዓት
ከማል ጋራዥ ዋልኩ። የደን ሥራ ፈረንጆች ሲሄዱ በጨረታ የገዛኋት ስለሆነች ነገሯ ሁሉ ለየት ይላል። ካርቦራተር እንኳን የላትም። ከማል ከሥር ገባ። በባትሪ እያበራ ቱቦውን ተከተለ።

ጭስ ማውጫው ቱቦ ላይ ካንዴላ ተገኘ። የትራክተር ካንዴላ። ካንዴላ ሞተር ውስጥ ቤንዚን ይለኩሳል፣ ጭስ ላይ ምን ሊለኩስ? የትኛው ቂል ነው ይሄን የሠራው አልኩ።

"እኔ ነኝ፣ ጋሼ" አለ ከሥር ሳይወጣ።

አምና ካንዴላ የምትመስል የተቃጠለች ነገር አገኘ፤ ፈትቶ ጣላት፤ ልኳን ከትራክተር ፈልጎ ገጠመ። ሽቦዋ እስከዛሬ ተንጠልጥሏል። ልናገረው ብዬ ሳቄ መጣ።

ከወንበር ሥር የፈረንጆቹን መጽሐፍ አወጣሁ። እንግሊዝኛዬ እያነከሰች አነበብኩለት። ለካ የጣላት ኦክስጅን ሴንሰር ነበረች። ጭሱ ውስጥ የተረፈውን አየር እያየች ለሞተሩ ቤንዚን ቀንስ፣ ጨምር ትለዋለች። እሷ ከሌለች በጭፍን ይጠጣል።

"ኦክስጅን ከሆነማ ሆስፒታል እናስተኛታ፣ ጋሼ።"

አዲስ አበባ የከማል ወንድም ጋ ደወልን። ፈልጎ በአውቶቡስ ይልካል።

ኅዳር 8፣ ዓርብ
አውቶቡሱ መጣ፣ ዕቃው የለም። እሱን ስጠብቅ ከቀበሌ ስብሰባም ቀረሁ፣ ምን ይሉኝ ይሆን። አማቼ ከበቆጂ ሰው ልኳል፦ ታደለች ወገቧን እያመማት ነው። ምሳ አልበላሁም።

ኅዳር 9፣ ቅዳሜ
መጣች! ሾፌሩ ከኮቱ የውስጥ ኪስ አወጣት፣ በጋዜጣ ተጠቅልላ። እውነትም ቁርጥ ካንዴላ። ከማልን ምሬዋለሁ።

የትራክተሩ ካንዴላ አልፈታም አለ። ሞተሩን አሙቀን፣ ቁልፉ ላይ ለሁለት ተንጠልጥለን ፈታነው። አዲሷ ገባች፣ ሽቦዋ ተሰካ። አስነሳሁ። መሀረቤን ጭስ ማውጫው ጫፍ ላይ ያዝኩ። ነጭ እንደሆነ ቀረ። ከማል ነጥቆኝ እንደ ሙሽራ ሚዜ እያወዛወዘ ጨፈረ።

ኅዳር 10፣ እሑድ
በቆጂ ደርሼ ታደለችን ይዣት መጣሁ። ከኋላ ፍራሽ አንጥፌ ነበር፤ ታደለች ጋቢና ካልሆነ አለች። ገብሱ ታጭዷል፣ አየሩ ጥርት ያለ። ጉድጓድ ባየሁ ቁጥር እቆማለሁ።

"አባዬ፣ በዚህ አነዳድህ እዚሁ መንገድ ላይ ነው የምወልድልህ።"

ቤንዚን ተረፈ! አስካለ ልጇን አቅፋ ስታበቃ ኮፈኑን በመዳፏ መታ መታ አደረገችው። ስለ መሸጥ አላነሳችም።

ኅዳር 12፣ ማክሰኞ ጠዋት
ምጥ ነው። ከቤት አባረሩኝ፣ መኪናዋ ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፍልህ። የሚያዋልዱት ወ/ሮ ዘነበች ናቸው። ነጠላቸው ዛሬ በረዶ ይመስላል፣ ሲያልፉ ወደ ጭስ ማውጫው አይተው ፈገግ አሉ።

የተሟላ፦
– ቤንዚን፣ ሆስፒታል ከተባለ።
– ቁልፍ፣ እጄ ላይ።
– ከማል፣ በር ላይ። ኦክስጅን ብለን እንሰይመው እያለ ያሾፋል።

ውሳኔ፦ መኪናዋ አትሸጥም።

እልልታው ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት ነው። መስኮቱን ዝቅ አደረግሁ።

ጀመሩ። አንድ። ሁለት። ሦስት።

በሦስት ቆመ። ደብተሬ፣ ሴት ናት!