በማርቆስ ሜዳሊያ የመሰከርኩት

እሑድ፣ ኅዳር 11 ቀን 1992 ዓ.ም.፣ ሶዶ

ዛሬ የሟች ልጄን የጀግና ሜዳሊያ ይዤ በጉባኤው ፊት ቆምኩ። ሽማግሌዎቹ ምስክርነት ስጪ ብለውኝ ነበር። «ማርቆስ ደስ ብሎት ዘመተ፤ እኔም መርቄ ሸኘሁት» አልኩ። ሕዝቡ ሃሌ ሉያ አለ።

ዋሸሁ። ማርቆስ ከግንባር በዕረፍት ፈቃድ መጥቶ፣ «እማ፣ አልመለስም፤ ቤሌ ከተማ አክስቴ ጋ ደብቂኝ» ብሎ እግሬን ይዞ ነበር። ሰው ምን ይለኛል ብዬ ራሴ መናኸሪያ ወስጄ አውቶቡስ ላይ አስቀመጥኩት። ደህና ሁኚ እንኳ አላለኝም።

ከአምልኮ በኋላ ጎረቤቴ አስቴር እያለቀሰች አቀፈችኝ። «የማርቆስ እናት፣ ልጄን ታደለን ከግንባር ሲመጣ ጓዳ ደብቄው ነበር። አንቺን ሰምቼ በራሴ አፈርኩ። ነገ ይመለሳል» አለችኝ። እኔም «እግዚአብሔር ያበርታሽ» አልኳት።

ምሳ ሳልበላ ቤቷ ሄድኩ። እውነቱን ልነግራት ቆርጬ ነበር። በሩን የከፈተልኝ ታደለ ነው። ከማርቆስ ጋር አብሮ ያደገ ልጅ ነው፤ በጣም ከስቷል። እናቱ ከኋላው ዩኒፎርሙን ታጥባለች።

«እማማ፣ ማርቆስ እውነት ደስ ብሎት ነው የሄደው?» አለኝ ቀስ ብሎ። «እኔን እኮ እንደዚያ አላለኝም።»

አስቴር እጇን ከውሃው አውጥታ አየችኝ።

«አዎ ልጄ» አልኩት።

የታደለ አውቶቡስ የሚነሳው ነገ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። አሁን ገና ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ቤቷም ከአጥሬ ማዶ ነው።