ያለ አንዳች ጉድለት ስለ ተካሄደው የኮተቤ ሩጫ የቀረበ አቤቱታ

ኅዳር 9 ቀን 1956 ዓ.ም.
ኮተቤ

ለክቡር ግራዝማች ወልደ ሐዋርያት
የኮተቤ ስፖርት ወዳጆች ማኅበር ሊቀ መንበርና
የአርባ ሁለት ኪሎ ሜትሩ ሩጫ ዋና አዘጋጅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የክቡርነትዎን ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ጉልበትዎ፣ ቁርጭምጭሚትዎ፣ ወገብዎና አሥሩም የእግር ጣቶችዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከጉልበቴ በላይ ላለው አካሌ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ከጉልበቴ በታች ስላለው ግን፣ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው እግሬን በጨው ውሃ ዘፍዝፌ መሆኑን ከመግለጽ በቀር የምጨምረው የለኝም።

እኔ ታዛዥዎ ነገሳ ዱጋሳ፣ ዕድሜዬ አርባ አምስት፣ ሥራዬ የመዝገብ ቤት ጸሐፊነት፣ ሆዴ ከደረቴ ቀድሞ በር የሚገባ ሰው ስሆን፣ ቅዳሜ ጥቅምት 29 ቀን ክቡርነትዎ ባዘጋጁት ሩጫ ከተሰለፉት ሠላሳ አራት ሰዎች መካከል ሠላሳ አራተኛ ሆኜ የገባሁት እኔ ነኝ። አቤቱታዬም ሩጫው ጉድለት ነበረበት የሚል አይደለም። ጉድለት ቢኖረውማ ኖሮ እኔ እስከ ዛሬ የተከበርሁ ሰው እንደ ሆንሁ በቀረሁ ነበር። የደረሰብኝ በደል ሁሉ ከመልካም አዘገጃጀትዎ የመጣ መሆኑን እንደሚከተለው በትሕትና አስረዳለሁ።

1ኛ/ ስለ ሰዓት አከባበር። «ጠዋት በአንድ ሰዓት» ተብሎ የተጻፈ ነገር በሦስት ሰዓት እንደሚጀመር ለማንም የተሰወረ አይደለም። እኔም በሦስት ሰዓት ፀሐዩ ስለሚከር፣ ፀሐዩ ሲከር እንግዶቹ ስለሚሰለቹ፣ እንግዶቹ ሲሰለቹ ሩጫው ለሌላ ቀን ስለሚተላለፍ፣ «ምን ይደረግ፣ እኔ እንኳ ተዘጋጅቼ ነበር» እያልሁ ወደ ቤቴ እንደምመለስ ተማምኜ ስሜን አስመዘገብሁ። ክቡርነትዎ ግን የኪስ ሰዓትዎን አውጥተው ልክ በአንድ ሰዓት ፊሽካውን አስነፉ። በዚያች ደቂቃ አንዱን ሸራ ጫማ አጥልቄ ሁለተኛውን በእጄ ይዤ ነበር። በአንድ ሰዓት የተጀመረ አንድ ሰዓት በዕድሜዬ ስላሳዩኝ አመሰግናለሁ።

2ኛ/ ስለ መንገዱ ምልክት። ከኮተቤ ተነሥተን፣ በመሪ የጤፍ ማሳዎች አጠገብ ዞረን ስንመለስ፣ ሌሎቹ ሁሉ ጥለውኝ ስለ ሄዱ ሐሳቤን የሚያይብኝ ሰው አልነበረም። ሐሳቤም እንዲህ ነበር። ከየካ ሚካኤል በላይ፣ በባሕር ዛፉ መካከል የምትታጠፍ አንዲት ቀጭን መንገድ አለች፤ እኔና ጅብ ብቻ የምናውቃት ይመስለኝ ነበር። እዚያ ገብቼ ጋደም ልል፣ ሯጮቹ ከእንጦጦ ሲመለሱ ከኋላቸው ብቅ ልል ቆርጬ ነበር። ወደ መታጠፊያዋ ስቃረብ መሬቱ በኖራ ተሰምሮ፣ የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ሙክታር ቀይ ጨርቅ በእንጨት አስሮ ቆሞ አገኘሁት።

«ጋሽ ነገሳ፣ በዚህ አይደለም፤ በላይኛው ነው» አለኝ። «ግራዝማች ‹እዚህ ጋ የሚሳሳት ሰው አይጠፋም› ብለው ከንጋት ጀምሮ አቁመውኛል።»

«እንዲያው ሽንት ይዞኝ ነው» አልሁት።

«ይሂዱ፣ እጠብቅዎታለሁ» ብሎ በጨዋነት ፊቱን አዞረልኝ። ሽንቱም አልመጣልኝም።

3ኛ/ ስለ ማኅተም። እያንዳንዱ ሯጭ በአንገቱ ካርድ ተንጠልጥሎለት በየጣቢያው ማኅተም እንዲመታበት መደረጉ የእኔን ነፍስ ለይቶ ለማስጨነቅ የታሰበ ይመስለኛል። ሃያ ዓመት ሙሉ ባለጉዳዩን «ማኅተም የለውም» እያልሁ ስመልስ የኖርሁ ሰው፣ ማኅተም በሌለው ካርድ «ሮጫለሁ» ብል ማን ያምነኛል? በዚህ ላይ ከኋላዬ የማኅበሩ መኪና የደከመ ሰው ለማንሣት በአንደኛ ማርሽ ይከተለኝ ነበር። ሾፌሩ በዳዳ የሚባል ትሑት ሰው ነው። በየመቶ ሜትሩ አንገቱን በመስኮት ብቅ እያደረገ «ጋሼ፣ አይቸኩሉ፣ እኔ ጊዜ አለኝ» ይለኛል። ሌላ ቦታ ቢሆን መኪናው አይመጣም፤ ቢመጣም ቤንዚን ያልቅበታል። ብቻዬን እንድወድቅ እንኳ አልተፈቀደልኝም።

4ኛ/ ስለ ፕሮግራሙ። ይህን ነጥብ በቁጥር ጀመርሁት እንጂ እንደ ላይኞቹ በቀላሉ የሚያልቅ ስላልሆነ፣ ክቡርነትዎ ወንበር ስበው ቢያነቡት መልካም ነው።

ከሩጫው ሦስት ሳምንት በፊት የማኅበሩ ጸሐፊ አቶ ከበበ በወይዘሮ አስካለች ጠጅ ቤት አጠገቤ ተቀምጦ፣ በጠላት ጊዜ ከሱሉልታ እስከ እንጦጦ የአርበኞችን ደብዳቤ በሩጫ ሳደርስ እንደ ነበር ስተርክ ሰማ። ሌላው ሰው ይህን ታሪክ መቶ ጊዜ ሰምቶ መቶ ጊዜ «ጀግና!» ብሎ ብርሌዬን አስሞልቶልኛል። አቶ ከበበ ግን ደብተር አወጣ። ዓመተ ምሕረቱን ጠየቀኝ፤ የመንደሩን ስም ጠየቀኝ፤ ጻፈ። በማግስቱም የተከበረ ጥሪ ደረሰኝ፦ «ቀደምት ሯጭ እንደ መሆንዎ መጠን አንደኛ ቁጥርን ለብሰው እንዲሮጡ።» እንቢ ልበል? ብልስ ምን ብዬ?

እውነቱ ይህ ነው፣ ክቡር ሆይ። ሯጩ ታላቅ ወንድሜ ፉፋ ዱጋሳ ነው። ሱሉልታ ከአጎታችን ዘንድ ይኖር ነበር፤ ነጻነቱን ሳያይ በ1932 ዓ.ም. በተስቦ ሞተ። እኔ በዚያ ዘመን በጣሊያኖች መንገድ ሥራ ድንጋይ ቆጣሪ ነበርሁ፤ የሮጥሁትም ካቦው በጮኸብኝ ጊዜ ብቻ ነው። ታሪኩን መናገር ስጀምር «ወንድሜ» እል ነበር። ሰው ሲያደንቅ «እኛ» አልሁ። ጠጁ ሲደገም «እኔ» ሆነ። ምንም ሳልዘጋጅበት ሃያ ዓመት በዚያው አለፈ፤ ባለቤቴ በለጡም ያገባችው ሯጩን መስሏት ነው።

ክቡርነትዎም ይህን ውሸት በሩጫው ፕሮግራም ገጽ ሦስት ላይ አስፍረው፣ በስቴንስል አባዝተው በየጣቢያው አሳደሉልኝ።

እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጣቢያ ስደርስ ሰዓቱ ስድስት ተኩል ሆኗል። እዚያ ውሃ የምታድለው፣ ማለቴ የሚያድሉት፣ በቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ የሚኖሩ ወይዘሮ ብዙነሽ የሚባሉ ባልቴት ናቸው። ድንጋይ ላይ ዘፍ አልሁ። በልቤም በበዳዳ መኪና ውስጥ ልገባ ወስኜ ጨርሻለሁ። አቶ ከበበ ግን ፕሮግራሙን ከፍቶ ገጽ ሦስትን በኩራት ጮክ ብሎ አነበበላቸው፤ «እኒህ ናቸው እንግዲህ!» ብሎም ማኅተሙን ሊያመጣ ሄደ።

ወይዘሮ ብዙነሽ ትክ ብለው አዩኝ።

«ፉፋ ከግራ ቅንድቡ በላይ ጠባሳ ነበረው» አሉኝ ቀስ ብለው። «ያንተ የት ሄደ?»

ዳገቱ ያልገደለኝ ሰው በዚች ጥያቄ ሞትሁ።

«ወንድሜ ነው» አልሁ።

«አውቃለሁ። ዓይናችሁ አንድ ነው።» የውሃውን ጣሳ ሰጡኝ። «ደብዳቤውን ከሱሉልታ ወደዚህ ያመጣ ነበር። እኔ በቅጠል ሸክሜ ውስጥ ሸጉጬ ወደ ከተማ አወርደዋለሁ። ዳገቱ የእሱ፣ ቁልቁለቱ የእኔ።»

ይህን ሃያ ዓመት ሙሉ ስተርክ አንድ ቀን እንኳ ስማቸውን አላነሣሁም፤ አላውቀውም ነበራ። ፉፋ ለእኔም አልነገረኝም።

«እንግዲህ ይናገሩብኝ» አልኋቸው። «ከበበ እየመጣ ነው።»

«እኔ ምን አግብቶኝ። ውሃህን ጨርስና ተነሥ» አሉኝ። «እሱ እዚህ ሲደርስ ተቀምጦ አያውቅም።»

ተነሣሁ። ካርዴ ታተመ። በዳዳ የመኪናውን በር ከፍቶ «ጋሼ፣ ይግቡ፤ እዚህ ድረስ ከወጡ ማንም አይታዘብዎትም» አለኝ። «ቁልቁለቱን በእግሬ ነው» አልሁት። ክቡርነትዎ ቁልቁለት ከዳገት ይቀላል ብለው የሚያምኑ ከሆነ፣ ጥፍሮቼን ልኬ ላስረዳዎ ዝግጁ ነኝ። ሩጫ አልለውም፤ አካሄድም አልለውም። አንዳንድ ጊዜ ባሕር ዛፍ አቅፌ እቆማለሁ፤ ከእንጦጦ ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች፣ ጀርባቸው ጎብጦ፣ እየቀደሙኝ አለፉ። አንዷ ዘወር ብላ «አይዞህ ወንድሜ፣ ሸክምህ ምንድን ነው?» አለችኝ። በባዶ እጄ ነበርሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ኮተቤ ደረስሁ። አንደኛ የወጣው ጎልማሳ ምሳውን በልቶ፣ ልብሱን ቀይሮ፣ እንቅልፉንም ያጠናቀቀ ይመስላል። ሌላ አገር ቢሆን ሰው ተበትኖ፣ ውርደቴን አንድ ውሻ ብቻ ባየልኝ ነበር። ክቡርነትዎ ግን «የመጨረሻው ሰው ሳይገባ የመድረሻው ክር አይጠቀለልም» ብለው አዝዘው ኖሮ፣ ሕዝቡ እንደ ቆመ፣ ሙዚቀኞቹ እንደ ተሰለፉ፣ አዲስ ክር ተወጥሮልኝ አገኘሁት። ይባስ ብሎ ድምፅ ማጉያው ገጽ ሦስትን እንደ ገና ማንበብ ጀመረ፦ «በጠላት ዘመን የአርበኞችን ደብዳቤ...» ሰው አጨበጨበ። በለጡ ከፊት ቆማ እልል ትላለች።

ያን ጊዜ ድምፅ ማጉያውን ከአንባቢው እጅ ወሰድሁ። ለጀግንነት አይቁጠሩልኝ፤ ደግፎ የሚያቆመኝ ነገር ስፈልግ እጄ ላይ የመጣው እርሱ ስለ ሆነ ነው።

«የተነበበው የወንድሜ የፉፋ ታሪክ ነው» አልሁ። «እኔ ያን ጊዜ ድንጋይ ቆጣሪ ነበርሁ።»

እልልታው መሐል ላይ ተቆረጠ። የሚስቅም የሚቆጣም ጠፋ። ሁሉም ወደ ክቡርነትዎ ዞረ። ክቡርነትዎም የኪስ ሰዓትዎን አይተው፣ የገባሁበትን ሰዓት አስመዝግበው፣ ድምፅዎን ሳይለውጡ «ማረሚያ ካለ በጽሑፍ ይቅረብ፤ በሰሌዳው ላይ ይለጠፋል» አሉ። ሌላ ሰው ቢሆን ይሰድበኝ ነበር፤ እኔም ስድቡን ይዤ እገላገል ነበር። ለኀፍረት እንኳ ሥርዓት ያበጁለት ሰው ሆነው አገኘሁዎ።

በለጡ በዚያ ማታ እግሬን እያየች «ሃያ ዓመት ሙሉ ሳጥብ የኖርሁት የሌላ ሰው እግር ነው እንዴ?» ብላ ሦስት ቀን አላነጋገረችኝም። በአራተኛው ቀን የሞቀ ውሃ በጨው ይዛ መጣች። ያበጡትን ጣቶቼን አንድ በአንድ አገላብጣ አየችና «ይኼ እብጠት እንኳ የራስህ ነው» አለች።

ማረሚያውን ከመጻፌ በፊት ባለፈው እሑድ ከበለጡ ጋር ሆነን ፈቃድ ለመጠየቅ ወይዘሮ ብዙነሽ ዘንድ ወጣን፤ እስከ እግረ ተራራው በመኪና፣ ከዚያ በላይ በበለጡ ትከሻ። ስማቸውን እንድጽፍ ፈቃዳቸውን ጠየቅኋቸው።

«ጻፍ» አሉ። «ግን እንደ ራስህ አድርገህ እንዳታበዛው። የወረድሁት ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። በሦስተኛው ወታደሮቹ መንገድ ላይ ሲፈትሹ አይቼ፣ ፈርቼ፣ ደብዳቤውን ቀበና ወንዝ ውስጥ ጣልሁት። ለፉፋም ‹ደርሷል› አልሁት። እርሱንም ጨምረህ ጻፍ።»

ስለዚህ በክቡርነትዎ ትእዛዝ መሠረት የሚከተለው ማረሚያ በሰሌዳው ላይ እንዲለጠፍልኝ በትሕትና አመለክታለሁ።

«በፕሮግራሙ ገጽ ሦስት ‹ነገሳ ዱጋሳ› የተባለው ‹ፉፋ ዱጋሳ› ተብሎ ይታረም። ከእርሱ በመቀጠል ‹ወይዘሮ ብዙነሽ፣ ከእንጦጦ ወደ ከተማ፣ ሦስት ጊዜ፤ ሁለቱ ደርሰዋል፣ አንዱን በፍርሃት ወንዝ ጥለዋል› የሚለው ይጨመር። ነገሳ ዱጋሳ ጥቅምት 29 ቀን 1956 ዓ.ም. ስምንት ሰዓት ተኩል ፈጅቶበት ገባ፤ ከዚህ በፊት ሮጦ አያውቅም።»

ጫማ ማጥለቂያ ጊዜ የነፈጉኝ፣ መሳሳቻ መንገድ ያሳጡኝ፣ መውደቂያ ስፍራ ያልተዉልኝ ክቡርነትዎን፣ ስለዚህ ሁሉ ውለታ በቆምሁበት እጅ ልነሣ ይገባኝ ነበር፤ መቆም ስላልቻልሁ ከነሳፋዬ ተቀምጬ እጅ እነሣለሁ።

የክቡርነትዎ ታዛዥ፣
ነገሳ ዱጋሳ
ሠላሳ አራተኛ

ማስታወሻ፦ የማኅበሩ ድሬሰር የወደቁት አራት ጥፍሮቼ ተመልሰው ለማደግ አሥራ አንድ ወር እንደሚፈጅባቸው ነግሮኛል። ማኅበሩም የሚቀጥለውን ሩጫ ልክ በአሥራ ሁለተኛው ወር እንዳደረገው ከሰሌዳው ላይ አንብቤአለሁ። ለልምምድ አንድ ወር ስለ ተዉልኝ፣ ይህም ሳይታሰብበት የቀረ አለመሆኑን ስለማውቅ፣ ምስጋናዬን ከወዲሁ በጽሑፍ አቀርባለሁ።