በጀርባዬ የወረደው ምስር ወጥ

ይድረስ ኮምቦልቻ ለሚገኙት ለምወድዎትና ለማከብርዎት እናቴ።

አሰላሙ አለይኩም። እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ብርዱ ሲገባ የሚወጋዎት ጎንዎስ ተሻለው? ማሽላው እንዴት ይዟል፣ ወፉንስ ማን እየጠበቀው ነው? ወንድሜን ሁመድን ያ ሳል ለቀቀው? እንቅልፍስ ይወስድዎታል? ይህን የመጨረሻውን የምጠይቅዎት እያፈርኩ ነው፤ እንቅልፍ ያሳጣሁዎት እኔ ነኝና። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። «ደህና ነኝ» በስልክ ስልዎት እንዳላመኑኝ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ነው የምጽፈው። እንደሚያውቁኝ ስናገር ቃል ይጠፋኛል፤ ወረቀት ላይ ግን ማንም አያቋርጠኝም። ሙፊዳ የወንድሜ ልጅ፣ ረጋ ብለሽ አንብቢላቸው። የሚያስቀው ቦታ ስትደርሺም ቀድመሽ አትሳቂ፤ አያትሽ አንቺንም ጭንቅላቷን ተነካች እንዳይሉሽ።

እናቴ፣ ጎረቤታችን ጃፋር አልዋሸዎትም። ሜክሲኮ አደባባይ ላይ በብስክሌት ሳልፍ አይቶኛል። በጀርባዬ ቀይ ነገር ሲወርድ አይቷል። ያን ጊዜም እየሳቅኩ እጄን ሳውለበልብለት አይቷል። ሁሉም እውነት ነው። የወረደው ግን ደም አልነበረም፤ ምስር ወጥ ነው።

ከመጀመሪያው ልንገርዎት። እኔ የምሠራበት መጋረጃ ስፌት ቤት ሳር ቤት ነው፤ ቤቴ ደግሞ እዚሁ ልደታ ኮንዶሚኒየም። ምሳ ወጥቶ መብላት የሚሞከር አይደለምና ሁላችንም ከቤታችን ቋጥረን እንሄዳለን። ስድስት ሰዓት ሲሆን የመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ላስቲክ ተነጥፎ ምሳ ዕቃው ሁሉ ይከፈታል። በሱፍቃድ የሚባል መጋረጃ የሚተኩስልን ልጅ አለ፤ ካውያውን ገልብጦ ምሳ ዕቃዎቹን ተራ በተራ ላዩ ላይ እያስቀመጠ ያሞቅልናል። ሥጋ ከመጣ የእኛ ለብቻ የክርስቲያኖቹም ለብቻ ነው። ምስርና ሽሮ ግን የሁላችንም ነው፤ ረቡዕና ዓርብም አያስቸግርም። ስለዚህ እኔ ሁልጊዜ ምስር ወይም ሽሮ ነው የምቋጥረው፣ ሁሉም እጁን እንዲሰድበት። «ታዲያ ደረቅ ዳቦ ይዘሽ ብትሄጂስ?» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ዳቦዬን ይዤ ጥግ ብቀመጥ እኔ ዝምተኛዋ ከማን ጋር ልውል ነው? ወሬ ባላወጣም ወጤ ያወራልኛል።

ጃፋር ባየኝ ማክሰኞ ምሳ ዕቃዬን በፌስታል ጠቅልዬ ጀርባዬ ላይ በማዝለው ቦርሳ ከተትኩት። የክዳኑ ላስቲክ ረግቦ እንደነበር አላየሁም። ሜክሲኮ ስደርስ ብስክሌቱ ከመንገዱ ጠርዝ ዘሎ ወረደ፤ ጀርባዬን ሞቅ አለኝ። ላቤ ነው ብዬ ሄድኩ። የለበስኩት ያ ነጩ ሸሚዝ ነበር። ጃፋር ጆንያዎቹን ይዞ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ ኖሯል። «መይሙና! ኧረ መይሙና!» የሚል የአገሬን ድምፅ ስሰማ ደስ አለኝና ዞሬ ሳቅኩለት፤ ደወሌንም ሁለት ጊዜ አቃጨልኩለት። እሱ ለካ «ደም! ደም!» እያለ ነው የሚጮኸው። ምስኪን፣ ጆንያውን ጥሎ ሊሮጥ ሲል ተራው ደረሰና ገፍተው ታክሲ ውስጥ ከተቱት።

ሥራ ቤት ስገባ ናዝሬት የምትባለው ከጎኔ የምትሰፋዋ ልጅ አይታኝ መቀሷን ጣለችና «ወይኔ እመቤቴ!» ብላ ጮኸች። በሱፍቃድ ውሃ ይዞ ሮጠ። ሁለቱ ግራና ቀኝ ይዘው ሊያስቀምጡኝ ሲሉ በሱፍቃድ ቀና ብሎ አሸተተና፣ «ቆይ ቆይ፣ ይሄ ደም ነጭ ሽንኩርት ገብቶበታል» አለ። እናቴ፣ ያን ዕለት የተሳቀው ሳቅ! ናዝሬት «ሌላው ምሳውን ይዞ ይመጣል፣ መይሙና ለብሳው መጣች» እያለች እስከ ማታ አላስቀመጠችኝም። ጥፋቱ ግማሹ የእርስዎ ነው ብዬ ነግሬያቸዋለሁ። እርስዎ የላኩልኝ በርበሬ ባይሆን እንዲህ ደም የሚመስል ወጥ አዲስ አበባ ላይ ከየት ይመጣል?

እኔ ይህን ረስቼው ስሰፋ፣ ጃፋር ደግሞ አገር ቤት ደርሶ ለእርስዎ «ደሟ እየወረደ ትስቃለች» ብሎ ኖሯል። በሁለተኛው እሑድ ስደውል እርስዎ ሲያለቅሱ፣ እኔ ነገሩ ገብቶኝ መሳቅ ጀመርኩ። በሳቅኩ ቁጥር ልቅሶዎ ባሰ። «እየሳቀች የምትሞት ልጅ አልወለድኩም፤ ብስክሌቱን ሽጪና ጠቅልለሽ ነይ» ብለው ስልኩን ዘጉት። ከዚያ ወዲህ ብደውል ሳቄ ያመልጠኛል ብዬ እፈራለሁ።

ስለ ምሳው እንዳይሰጉ አሁን እንዴት እንደምቋጥር ልንገርዎት። ገና በስልክ ሳንነጋገር በፊት፣ በማግስቱ በአራት በኩል የሚቆለፍ ምሳ ዕቃ ገዛሁ። ምስሩን እንደ ድሮው አላቀጥነውም፤ ውሃው እስኪመጥ እሳቱን ቀንሼ አቆየዋለሁ፣ ማንኪያ ሲቆምበት አወጣዋለሁ። እንጀራውን ለብቻው በጨርቅ አጥፌ ከላይ አደርገዋለሁ፣ ወጡ እንዳያርሰው። ጀርባዬ ላይ አላዝልም፤ የብስክሌቱ ፊት ላይ ቅርጫት አለ፣ ምሳ ዕቃው እንዳይናወጥ ዙሪያውን በሹራቤ እደግፈዋለሁ። መጀመሪያ ውሃ ሞልቼ ግቢያችን ውስጥ ፈተንኩት። የብሎካችን ዘበኛ ጋሽ ተሰማ ዳኛ ሆኑ። የፍሳሽ ጉድጓዱ ክዳን ላይ ሦስት ጊዜ አስነዱኝና ምሳ ዕቃውን ተቀብለው በራሳቸው ኮት ላይ ገለበጡት። «ጠብ ካለ ኮቴን ታጥቢያለሽ፣ ጠብ ካላለ ምሳ ታበይኛለሽ» አሉኝ። ጠብ አላለም፤ ምሳውንም በሉ። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ የሥራ ቀን ተመላልሼበታለሁ፣ አንዲት ጠብታ አልወጣችም።

የምደብቅዎት ነገር እንዳይኖር ይህንንም ልጻፍ። አንድ ጊዜ ወድቄያለሁ። ነሐሴ ላይ ዝናብ ያራሰው መንገድ አንሸራትቶኝ ጉልበቴ ተላጠ፤ በሳምንቱ ዳነ። ያኔ አልነገርኩዎትም፤ ይማሩኝ። ከዚያ ወዲህ ሲዘንብ አልነዳም። የሜክሲኮን አደባባይም ወርጄ ብስክሌቱን በእጄ እየገፋሁ ነው የምሻገረው። ያን ማክሰኞ አርፍጄ ነበርና አልወረድኩም፤ ለዚህም ዋጋዬን በጀርባዬ አገኘሁ። ከአደባባዩ ወዲያ ለብስክሌት የተለየ መንገድ አለ፣ መኪና አይገባበትም።

«በዚህ ዕድሜሽ ምን ያደርግልሻል?» ብለውኛል። አሁን አሰብኩበት። እናቴ፣ እኔ ሰልፍ ላይ ስቆም ሰው አያየኝም። ታክሲ ሲመጣ ከኋላዬ የነበረው ቀድሞኝ ይገባል፤ አንዱ ትከሻዬን ገፍቶ፣ አንዱ እግሬን ረግጦ ያልፋል። ተራዬ ነው ብዬ አፌን እስክከፍት መኪናው ሄዷል። አሥራ አራት ዓመት እንዲህ ኖርኩ። ስደርስ አርፍጄ፣ ደክሞኝ፣ ከሰው ጋር ሳልጣላ ተሸንፌ ነው። ብስክሌቱ ላይ ግን የማንንም ተራ አልወስድም፣ የእኔንም ማንም አይወስድብኝም። ጠዋት ሱብሂ ሰግጄ፣ ምሳዬን ቋጥሬ ስወጣ፣ የልደታ ማርያም ሻማ ሻጮች «መጣች ባለ ደወሏ» ይሉኛል። በዝምታዬ ሳይሆን በደወሌ የሚያውቀኝ ሰው አገኘሁ። ስነዳ እንደ ሰው ሁሉ መንገዱ የእኔም ይመስለኛል። ሌላ የምጨምረው የለኝም።

ጃፋር ትናንት ለዕቃ ሲመጣ ቤቴ ጠርቼ ያንኑ ምስር ወጥ አቀረብኩለት። አየው፣ አየኝ፣ ራሱን ያዘ። «ወላሂ ይሄ ነው!» አለ። ከዚያ ሦስት እንጀራ በላ። አንተው ለእናቴ ንገራቸው ስለው ግን እምቢ አለኝ። «እኔማ መጀመሪያ ደም ብዬ አሁን ወጥ ብል፣ እናትሽ ከነጆንያዬ ነው የሚያባርሩኝ። ጻፊላቸው፣ እኔ ደብዳቤውን ሰጥቼ በሩቅ እቆማለሁ» አለ። እባክዎ አይቆጡት። ለእኔ ብሎ የደነገጠ ሰው ነው።

ከዚያ እሑድ ወዲህ ብስክሌቱ ላይ አልወጣሁም። ዛሬ አሥር ቀኔ ነው። ቤቴ በር ሥር ተቆልፎ ቆሟል፤ እኔም ተመልሼ ሰልፉ ውስጥ ገብቻለሁ። ይህን ሁሉ ሰምተው አሁንም «ሽጪው» ካሉ እሸጠዋለሁ፣ ቅር አልሰኝም ብዬ ግን አልዋሽም። የእርስዎ ልብ እየፈራ እኔ መንገድ ላይ ደስ አይለኝም። «ንጂው» ካሉኝ ደግሞ ከነዱዓዎ ይሁን፤ ዱዓዎ ሳይኖር ቅርጫቴ ባዶ ነው።

ለወንድሜ ለሁመድ ሰላም ይበሉልኝ፤ ማሩን በሎሚ ይጠጣ። ለባለቤቱ ለጀነት፣ ልጅ ያዘለ ጀርባዋ እንዳይደክም። ለሙፊዳ፣ ይህን ስታነብ ለደረቀው ጉሮሮዋ ውሃ ይስጡልኝ። ለትንሹ ሙስአብ ሁለት ጉንጩን ይሳሙልኝ። ለላሟም፣ ወልዳ ከሆነ፣ እንኳን ማረሽ ይበሉልኝ።

ጃፋር ነገ ተነሥቶ በሚቀጥለው ሳምንት ይመለሳል። መልስዎን ሙፊዳ ትጻፍና በእሱ ይላኩልኝ። እኔ እስከዚያ ቃልዎን እጠብቃለሁ። ጎማው ግን ቆሞ እንዳይሞት ብዬ ዛሬ ከሥራ ስመለስ አስነፍቼዋለሁ።

ልጅዎ መይሙና
ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ አዲስ አበባ
ረቡዕ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.