ከምርቃቱ በኋላ የተባለው

ለታላቅ እህቴ፣

ዛሬ ሰኞ፣ በአዲሱ ሰዓት፣ ከሠላሳ አንድ ተማሪዎች የመጡት አሥራ ሁለት ናቸው።

እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ? የደሴ ብርድስ? እኔ ለጤናዬ ደህና ነኝ፤ አንድ ቦታ መቀመጥ ግን አቅቶኛል። ይህን ስጽፍ እንኳ ሦስት ጊዜ ተነሥቻለሁ።

ካዛንቺስ ያለችውን የማስጠኛ ክፍላችንን ታውቂያታለሽ። ከአየርላንድ የሚመጡት በጎ ፈቃደኞች ያስተምራሉ፤ እኔ አስተረጉማለሁ። ሰፈሩ ለልማት ሲነሣ ብዙዎቹ ቤተሰቦች ከተማው ዳር ቢሄዱም ልጆቹ አልቀሩም፤ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ታክሲ ይዘው ይመጡ ነበር።

ባለፈው ወር መሪያቸው ሚስ ኖራ ወላጆችን ሰበሰቡ። ትምህርቱን ወደ ሰኞና ረቡዕ፣ ከአሥራ አንድ እስከ አንድ ሰዓት ለማዛወር አስበዋል። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ወላጅ ካልተስማማ አይሆንም አሉ። የቢፍቱ እናት ወይዘሮ አጸደ ተነሡ። ቅሬታ ያለው የእኛ ሰው መጀመሪያ ይመርቃል። ለልጆቻችን ብለው ባሕር ተሻግረው መጡልን፣ ዕድሜ ይስጥልን አሉ፤ የሚስ ኖራን ሟች እናት ሳይቀር መረቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሰዓቱ ከተለወጠ ግን ልጄን በጨለማ ታክሲ ሰልፍ ላይ አላቆምም፤ ቤት ትቀመጥልኝ» አሉ።

እኔ ምርቃቱን ብቻ ተረጎምኩ።

ሚስ ኖራ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እጅ ነሡ። ሌላው ወላጅ አቶ ጉርሜሳም እንደዚያው መርቀው እንደዚያው ተቃወሙ፤ የእሳቸውንም እንደዚያው አደረግሁ። ሌሎቹ ነገሩ የደረሰ መስሏቸው ዝም አሉ። ወይዘሮ አጸደ በሩ ላይ፣ «አንቺ ልጅ፣ ንግግሬን አሳጠርሽው እኮ» አሉኝ። እንግሊዝኛ አጭር ነው አልኳቸው። ሳቁ።

ሚስ ኖራ ወላጆች በሙሉ ድምፅ ተስማሙ ብለው ለድርጅታቸው ጻፉ። ቢፍቱ ዘንድሮ የስምንተኛ ክፍል ፈተና አለባት። ዛሬ ከቀሩት አንዷ እሷ ናት። ሚስ ኖራ ባዶዎቹን ወንበሮች እያዩ ምን እንዳጠፉ ጠየቁኝ። ዝናቡ ይሆናል አልኩ። አልዘነበም ነበር።

ይሉኝታ ነው ብዬ ልጽፍልሽ ነበር። አንቺን መዋሸት ግን አልለመድኩም። በስብሰባው ሳምንት ሚስ ኖራ እዚያ እንድማር ስለ እኔ በአገራቸው ላለ ዩኒቨርሲቲ የሚልኩትን የድጋፍ ደብዳቤ እያረቀቁ ነበር። አሳይተውኛል። «የተባለውን ሳትጨምር ሳትቀንስ የምታደርስ» ይላል።

ሐሙስ ወደ አገራቸው ይመለሳሉ። ከዚያ በፊት የዓመቱን ሰዓት ያጸድቃሉ፤ ደብዳቤዬንም ይፈርማሉ። ረቡዕ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ቀጠሮ ይዣለሁ። ብቻዬን ልግባ ወይስ ወይዘሮ አጸደን ይዤ፣ ገና አልቆረጥኩም።

እማዬ ውጭ አገር ልትሄድልኝ ነው እያለች ለጎረቤት ማውራት መጀመሯን ሰምቻለሁ። እባክሽ ትንሽ ታቆየው በያት።

አምላክ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ የልጆችሽን ወግ ማዕረግ ያሳይሽ። ረቡዕ ጠዋት በጸሎትሽ አስቢኝ።

ታናሽ እህትሽ